የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ሪቻርድ 3ኛ እውነት ያን ያህል ክፉ ነበር?

ባለፈው ዕትም ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ስለ ሪቻርድ 3ኛ አንድ አጭር ነገር ጽፌ ነበር፣ አጥንቱ በ2012 ሌስተር ከተማ ከመኪና ፓርኪንግ ስር ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ስሙ እንደገና እየተመረመረ ነው ብዬ። ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ፣ ተቆጥተው የጻፉም አሉ። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ዋና ዋናዎቹን ይኸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሌስተር ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር የንጉሡን ሙዚየም አይቶ መጣና "ማሚ ጥሩ ንጉሥ ነበር፣ ስሙን አጥፍተውት ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የሼክስፒርን ቲያትር ተምሬ ወንድሙን ያስገደለ፣ ሚስቱን የመረዘ፣ ሕፃናት ያስጨረሰ ሰው አድርጌ ነው የማውቀው። ማንን ልመን?

እህቴ፣ አንቺም ልጅሽም ግማሽ ግማሹን ነው የሰማችሁት።

ሼክስፒር ያንን ቲያትር የጻፈው በ1590ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ሪቻርድ ከሞተ 100 ዓመት ካለፈው በኋላ። ያኔ ዙፋኑ ላይ ያለችው ኤልሳቤጥ 1ኛ ናት፣ አያቷ ደግሞ ሪቻርድን በ1485 በቦስወርዝ ጦርነት አሸንፎ ዘውዱን የወሰደው ሄንሪ 7ኛ ነው። የንግሥቲቱ አያት አንድ የተቀባ ንጉሥ ገድሎ ነገሠ ብሎ መድረክ ላይ ማውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ የሞተው ሰውዬ መሬት የማትችለው ክፉ መሆን ነበረበት። ሼክስፒር ራሱ ከባዶ ፈጠረው ማለቴ አይደለም፣ ከሱ በፊት የነበሩት የቱዶር (ከሄንሪ 7ኛ የጀመረው ሥርወ መንግሥት) ዘመን ጸሐፊዎች ያዘጋጁትን ነው የወሰደው፣ ግን እንደሱ አድርጎ የጻፈ ስለሌለ የቀረው የሱ ሆነ።

ክሶቹን አንድ በአንድ ስታያቸው ደግሞ ብዙዎቹ ይፈርሳሉ። መድረኩ ላይ ሪቻርድ በሴንት ኦልባንስ ጦርነት የሶመርሴትን መስፍን በሰይፍ ይገድለዋል፣ ጦርነቱ የተደረገው ሜይ 1455 ነው፣ ሪቻርድ የተወለደው ኦክቶበር 2 ቀን 1452 ነው፣ ማለትም ገና የ2 ዓመት ከ7 ወር ሕፃን ነበር። ወንድሙን ክላረንስን በ1478 ያስፈረደበት ታላቅ ወንድማቸው ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ነው፣ ፓርላማው ፊት ቀርቦ በአገር ክህደት የከሰሰውም ራሱ ንጉሡ ነው፣ እንደውም ዶሚኒክ ማንቺኒ የሚባል ጣሊያናዊ (ስለሱ በኋላ እመለስበታለሁ) ሪቻርድ በወንድሙ ሞት በጣም አዝኖ እንደነበር ጽፏል። ሚስቱ አን ኔቪል ማርች 16 ቀን 1485 ታማ ነው የሞተችው፣ መርዝ ለሚለው አንድም ማስረጃ የለም። ከዛ በፊት በነበረው ዓመት ኤፕሪል ላይ አንድ ልጃቸው ሞቶባቸዋል፣ የክሮይላንድ ገዳም ዜና መዋዕል አባትና እናቱ ከሐዘን ብዛት ሊያብዱ ምንም አልቀራቸውም ነበር ይላል። አን ስትሞት ደግሞ የወንድሙን ልጅ ሊያገባ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው፣ ለንደን ውስጥ በአደባባይ ቆሞ አላሰብኩትም ብሎ እስከመካድ ደርሷል።

ግን ልጅሽ ያልተነገረው ነገርም አለ። ኤፕሪል 9 ቀን 1483 ኤድዋርድ 4ኛ ሲሞት አልጋ ወራሹ የ12 ዓመት ልጁ ኤድዋርድ 5ኛ ነበር፣ አጎቱ ሪቻርድ ደግሞ ጠባቂው። ሪቻርድ ኤፕሪል 30 ላይ ልጁን ወደ ለንደን ሲያመጡ የነበሩትን የእናቱን ወገኖች መንገድ ላይ አሰራቸው፣ ጁን 13 የሟቹን ንጉሥ የቅርብ ሰው ሎርድ ሄስቲንግስን ከምክር ቤት ስብሰባ አስወጥቶ ያለ ፍርድ አንገቱን አስቀላው፣ ጁን 16 የኤድዋርድ ታናሽ ወንድም፣ ትንሹ ልዑል፣ እናቱ ከተጠለለችበት ከዌስትሚንስተር ገዳም ወጥቶ ታወር በሚባለው የለንደን ምሽግ ውስጥ ወንድሙ ጋ ገባ፣ ጁን 26 ሪቻርድ ራሱ ንጉሥ ሆነ። ወንድሙ ከሞተ ሦስት ወር እንኳን ሳይሞላ ማለት ነው። ይሄ ቱዶሮች የፈጠሩት ሳይሆን በራሱ ዘመን መዝገብ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ስለዚህ ልጅሽ "ስሙን አጥፍተውት ነው" ሲልሽ እውነቱን ነው ግን ሰውየው ደግሞ ንጹሕ አልነበረም በይው፣ ልጆች እንዲህ ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ስኮሊዮሲስ አለባት፣ አከርካሪዋ ወደ ጎን ይታጠፋል። ስለ ሪቻርድ በጻፍከው ላይ እሱም እንደዛ ነበር ስላልክ ደስ ብሏት ኢንተርኔት ላይ ፈለገች፣ ያገኘችው ግን ጎባጣ ጭራቅ፣ የሰለለ ክንድ ምናምን የሚል ነው፣ በጣም ከፍቷታል። ትክክለኛው ምንድነው? ከአዳማ

ይሄን ጥያቄ በጥንቃቄ ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም ከአጥንቱ የተገኘው ትልቁ እውነት ይሄ ነው።

ቁፋሮው የተጀመረው ኦገስት 25 ቀን 2012 ነው፣ ቦታው የሌስተር ማዘጋጃ ቤት የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ፓርኪንግ ነበር፣ ድሮ የግሬይፍራይርስ ገዳም የነበረበት። በመጀመሪያው ቀን የእግር አጥንት አገኙ፣ ማን እንደሆነ ግን ገና አላወቁም። በኋላ አፈሩን በብሩሽና በትንንሽ መሣሪያ ቀስ እያሉ ሲያነሱ ጉድጓዱ ለሰውየው አጭር ሆኖ ነበር፣ ሬሳ ሣጥን የለም፣ ጭንቅላቱ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ተደግፎ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሏል፣ ተቻኩለው የቀበሩት እንደሆነ ያስታውቃል። ከዛ የጀርባውን አጥንት እየተከተሉ ሲያጸዱ አከርካሪው በአፈሩ ውስጥ ወደ ጎን ተጠማዞ ታየ። እዛ የነበሩት ሰዎች ያኔ ነው የልብ ምታቸው የጨመረው። ከዛ ዲኤንኤ ተሠራ፣ የእህቱ የአን ኦፍ ዮርክ ዘር በሴት መስመር ተቆጥሮ እስከ ዛሬ የደረሱ ሁለት ሰዎች ተገኙ፣ አንደኛው ካናዳ ተወልዶ ለንደን የሚኖር የቤት ዕቃ ሠሪ ነው፣ ተመሳሰለ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2013 ለዓለም ተነገረ።

አሁን ለልጅሽ የሚጠቅመው። ሪቻርድ ጎባጣ አልነበረም፣ ጉብጠት ሌላ ነገር ነው፣ እሱ የነበረበት እንደሷው ስኮሊዮሲስ ነው፣ ሲወለድም አልነበረም፣ 10 ዓመት ካለፈው በኋላ በጉርምስናው አካባቢ ነው የጀመረው። ሁለቱም ክንዶቹ እኩልና ደህና ናቸው፣ የሰለለ ክንድ የሚባለው ውሸት ነው። በ2014 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት እንደሚለው ቀኝ ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ደረትና ወገቡ ከእግሮቹ አንጻር አጠር ይላል፣ ግን ጥሩ ልብስ ሰፊና በልኩ የተሠራ ጥሩር ካለው ብዙም የማይታይ ነበር፣ ከእንቅስቃሴም አያግደውም። ከዛ በኋላ ደግሞ ተመሳሳይ አከርካሪ ያለው አንድ እንግሊዛዊ ወጣት ለዶክመንተሪ ብለው ጥሩር በልኩ አሠርተውለት ፈረስ ላይ አውጥተው ጦር አስይዘው ሞከሩት፣ ቻለው፣ እንደውም የድሮው ኮርቻ ጀርባውን ደግፎ ያዘለት።

ሪቻርድ በ18 ዓመቱ በባርኔትና በተክስበሪ ጦርነቶች ላይ ጦር መርቷል። በ1484 ደግሞ ከሲሌዢያ የመጣ ኒኮላስ ፎን ፖፔላው የሚባል ባላባት ቤተ መንግሥቱ ገብቶ አብሮት ማዕድ ቀርቦ ነበር፣ ሲጽፍ ከኔ በሦስት ጣት ይረዝማል፣ ከኔ ቀጠን ይላል፣ ክንድና እግሩ ቀጫጭን ነው፣ ልቡ ግን ትልቅ ነው አለ። ስለ ጉብጠት አንድ ቃል የለም።

ታዲያ ጎባጣው ከየት መጣ? ቤተ መንግሥት ያለ አንድ የሪቻርድ ሥዕል አለ፣ ከሞተ በኋላ በቱዶሮች ዘመን የተሣለ፣ በኤክስሬይ ሲያዩት ቀኝ ትከሻው በኋላ ላይ በቀለም ከፍ እንዲል ተደርጎ ተቀይሯል። በዛ ዘመን አካሉ የተጣመመ ሰው ነፍሱም የተጣመመች ናት ብለው የሚያምኑ ብዙ ነበሩ፣ ስለዚህ ክፉ ነበር ለማለት አካሉን ማጣመም በቂ ነበር። ይሄ በሪቻርድ ላይ ብቻ የተሠራ በደል አይደለም፣ እንደ ልጅሽ ያለ ጀርባ ባለው ሰው ሁሉ ላይ የተሠራ ነው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ክፍል ነው። ልጅሽን ያንን ሰው አስቢው በያት፣ እንደሷ ያለ ጀርባ ይዞ ፈረስ ላይ ወጥቶ ጦር የመራውን፣ ጠላቶቹ እንኳን ጀግንነቱን ያልካዱትን።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ድል አድራጊው ታሪክ ጻፈ የሚባለውን ለዘመናት አስተምሬያለሁ፣ ግን በዚህ ከሄድን የጠላትን ጽሑፍ ሁሉ ጥለን ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው። አንተ የትኛውን ይዘህ የትኛውን ትጥላለህ? ከባሕር ዳር

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የነገሩ እምብርት ነው። እኔ የጠላት ጽሑፍ ስለሆነ ብቻ አልጥልም፣ ጸሐፊው መቼ ጻፈ፣ ለማን ጻፈ፣ ከዛ በፊትስ ምን ብሎ ነበር ብዬ ነው የማየው።

ጆን ራውስን ይውሰዱ፣ ዋሪክ አጠገብ የነበረ ቄስ ነው። ሪቻርድ በነገሠ ጊዜ የዋሪክ ጌቶችን ታሪክ በሥዕል አስውቦ በጥቅልል ብራና ጻፈ፣ እዛ ላይ ሪቻርድ ሕዝብን የሚበዘብዙትን የሚቀጣ፣ የሀብታምም የድሀም ፍቅር ያለው ደግ ጌታ ነው። ሪቻርድ ሞቶ ሄንሪ ሲነግሥ ያው ራውስ ለሄንሪ ያበረከተው ሌላ ታሪክ ጻፈ፣ አሁን ሪቻርድ በእናቱ ማህፀን ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ ጸጉሩ ትከሻው ደርሶ የተወለደ ሆነ። የድሮው ጥቅልል ሁለት ቅጂ ነበረው፣ አንዱ እጁ ላይ ስለነበር ገብቶ አስተካከለው፣ ሌላው ግን እሱ ጋ ስላልነበር ሳይነካ እስከ ዛሬ ተረፈ። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት ንጉሥ ዘመን የሰጠውን ሁለት ምስክርነት ጎን ለጎን አድርገን ማንበብ እንችላለን። ደግሞ ይሄው ራውስ በሁለተኛው መጽሐፉ ላይ ሁለት ነገር ሳይዋሽ አስቀርቷል፣ ትከሻዎቹ እኩል አልነበሩም አለ፣ አጥንቱ እውነት መሆኑን አሳየን፣ እስከ መጨረሻ ትንፋሹ እንደ ክቡር ወታደር ተዋጋ አለ፣ እሱንም ቁስሎቹ መሰከሩለት። ለዚህ ነው የማልጥለው። ጠላት ሳይፈልግ ያመነው ነገር ወርቅ ነው።

የሪቻርድን ታሪክ የጻፈው ቶማስ ሞር ትልቅ ሰው ነው፣ ግን በ1483 የ5 ዓመት ልጅ ነበር፣ ያደገውም በጆን ሞርተን ቤት ነው፣ ሪቻርድ ያሰረውና በኋላ ሄንሪ ሊቀ ጳጳስ ያደረገው ሰው ቤት። ሞር የሰማውን ጻፈ፣ የሰማው ደግሞ ከማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ማንቺኒን ግን ከሁሉም አስበልጬ ነው የማየው፣ ምክንያቱም በ1483 ለንደን ውስጥ ነበረ፣ ከዘውዱ በዓል በኋላ ወዲያው ወጣ፣ በዛው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጽፎ ጨረሰ፣ ሄንሪ ገና ስደተኛ እያለ ማለት ነው፣ ቱዶር የሚባል ንጉሥ ስላልነበረ ማንን ሊያስደስት ነው? ጽሑፉ ሊል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ በ1934 ነው የተገኘው። እና ጋሼ፣ ማንቺኒ ለሪቻርድ አይመችም፣ ይሄንንም መናገር አለብኝ።

ከዚህ ሌላ የዮርክ ከተማ ምክር ቤት መዝገብ አለ። ከቦስወርዝ ማግስት፣ ኦገስት 23 ቀን 1485፣ በምሕረት ይገዛን የነበረው ንጉሥ ሪቻርድ በአሳዛኝ ሁኔታ ተገደለ፣ ለከተማችንም ከባድ ሐዘን ሆነ ብለው አስጻፉ። አሸናፊው ጦሩን ይዞ እየመጣ፣ የሞተው ሰው ሊጠቅማቸው እንደማይችል እያወቁ። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ዓመታት አስተዳድሯቸዋል፣ ያውቁታል። ሄንሪ ደግሞ ንግሥናውን ከጦርነቱ አንድ ቀን ቀድሞ ከኦገስት 21 ጀምሮ አስቆጠረ፣ ስለዚህ ለዘውድ ንጉሣቸው የተዋጉት ሁሉ በአንድ ሌሊት ከሃዲ ሆኑ፣ ንብረታቸውም ተወረሰ። በዛ ጊዜ ስለ ሪቻርድ ደግ መጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ልጆቹን ገደለ ወይስ አልገደለም? ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ መልስልኝ። ከሪያድ
ጥያቄ፦ እናንተ ጸሐፊዎች ቆይቶ ማንንም ነፍሰ ገዳይ ታጥቡታላችሁ። የሁለት ሕፃናት ደም የት ይሂድ? ከአዲስ አበባ

ሁለታችሁንም አብሬ ልመልስ። ኤድዋርድ 12 ዓመቱ ነበር፣ ወንድሙ ሪቻርድ 9። በለንደን ታላቁ ዜና መዋዕል ላይ ልጆቹ ታወር ግቢ ውስጥ ቀስት ሲወረውሩና ሲጫወቱ ይታዩ ነበር የሚል አለ። ማንቺኒ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተወሰዱ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ከቀን ወደ ቀን እየቀነሱ ይታዩ ነበር፣ በመጨረሻ ጭራሽ መታየት አቆሙ ይላል። ትልቁን ልጅ ያክም የነበረው ሐኪም ለብቻው የነገረውንም ጽፏል፣ ልጁ ሞቴ ቀርቧል ብሎ ስላመነ ለመሥዋዕት እንደተዘጋጀ ሆኖ በየቀኑ ንስሐ ይገባ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ። ሰዎች ስሙ ሲነሳ ያለቅሱ ነበር ይላል። እና ይሄ ሁሉ ካለ በኋላ ማንቺኒ ራሱ ልጁ ተገድሎ እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ሞት እንደሆነ ግን እስካሁን አላረጋገጥኩም ብሎ ይዘጋል። የዓይን ምስክሩ ይሄን ያህል ጠንቃቃ ከሆነ እኔ ከሱ በላይ አውቃለሁ ማለት ነውር ነው።

ለመከላከያ የሚቀርበውን ላስቀምጥ። እናታቸው ኤልሳቤጥ ውድቪል ማርች 1484 ላይ ሪቻርድ በአደባባይ ከማለላት በኋላ ሴቶች ልጆቿን ይዛ ከገዳሙ ወጣች፣ ልጆቼን ገድሏል ብላ ያመነች እናት ትወጣለች ወይ ይላሉ። ሄንሪ 7ኛ ሪቻርድን በፓርላማ ሲያስወግዝ የሕፃናት ደም አፍስሷል አለ እንጂ የልጆቹን ስም አልጠራም፣ ምርመራም አላካሄደም። ሞር ገዳዩ ጀምስ ቲረል ነው፣ አምኗል ይላል፣ ቲረል በ1502 በሌላ ክስ ነው የተገደለው፣ አመነ የተባለበት ወረቀት ደግሞ የለም። በ1490ዎቹ ፐርኪን ዋርቤክ የሚባል ወጣት ትንሹ ልዑል እኔ ነኝ ብሎ ተነሣ፣ ሄንሪን ዓመታት እንቅልፍ ነሳው፣ በ1499 ተሰቀለ። በ2023 ደግሞ የሪቻርድን አጥንት ፍለጋ የመራችው ፊሊፓ ላንግሊ ከአውሮፓ መዛግብት ያገኘቻቸውን ሰነዶች ይዛ ልጆቹ አምልጠው በሕይወት ነበሩ አለች፣ አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን ግን ሰነዶቹ የሚናገሩት ሰዎች ልዑል ነኝ ያለውን ሰው እንደተቀበሉት እንጂ ልዑሉ መሆኑን አያረጋግጡም ብለው አልተቀበሏትም። በሌላ በኩል በ2024 መጨረሻ ላይ ቲም ቶርንተን የሚባሉት ፕሮፌሰር የ1516 ኑዛዜ አገኙ፣ የቲረል ዘመድ የሆነች ባሏ የሞተባት ሴት የኤድዋርድ 5ኛን የአንገት ሰንሰለት ለልጇ ታወርሳለች። ያ ሰንሰለት እነሱ ቤት ምን ያደርጋል?

የኔ መልስ ይሄ ነው። ልጆቹ በ1483 የሞቱ ይመስለኛል፣ ማን እንዳዘዘ የሚያሳይ ወረቀት የለም፣ ግን ልጆቹ በሪቻርድ እጅ፣ በሪቻርድ ምሽግ ውስጥ፣ በሪቻርድ ጠባቂዎች ስር ነበሩ። መላው እንግሊዝ ገደላቸው ሲል፣ ጃንዋሪ 1484 ላይ የፈረንሳይ ሹም በሕዝብ ስብሰባ ፊት ሲከሰው፣ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዟቸው መታየት በቂ ነበር፣ ዙፋኑን የሚያድንለት እሱ ነበር፣ አላደረገም። የወንድሜን ልጅ አላገባም ብሎ አደባባይ የወጣ ሰው ለነዚህ ልጆች አንድ ቃል አልተነፈሰም። በዚህ እኔ አልፈታውም። አዲስ አበባ ያለኸው ወንድሜ፣ የሕፃናቱ ደም እዚሁ ነው ያለው፣ አልተነሳም። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው፣ በዚህ አንድ ክስ ላይ አሥር የፈጠራ ክስ ጭነው ሰውየውን ከሰው ተራ ማውጣታቸውን።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ሁለት ዓመት ብቻ የገዛ ንጉሥ ለሕግ ምን አበረከተ ሊባል ይችላል? ከጎንደር

አንድ ፓርላማ ብቻ ነው የጠራው፣ ጃንዋሪ 1484 ላይ፣ ግን አንተን የሚያስደስት ነገር አለው። በዛ ጊዜ አንድ ሰው በወንጀል ሲጠረጠር ፍርድ ሳያገኝ እስር ቤት ይበሰብሳል፣ ሹሞቹም ገና ሳይፈረድበት ከብቱንና ዕቃውን ይወስዱበታል፣ በኋላ ነጻ ቢባል እንኳን ቤቱ ባዶ ነው። የሪቻርድ ፓርላማ የሰላም ዳኞች ለተጠርጣሪ ዋስትና እንዲሰጡ ፈቀደ፣ ከፍርድ በፊት ንብረት መውሰድን ከለከለ። ለጁሪ የሚመረጡ ሰዎች በቀላሉ እንዳይገዙ ንብረት ያላቸው እንዲሆኑ አደረገ። ወንድሙ ኤድዋርድ በፈቃድ ስጦታ ስም ከሀብታሞች በግድ ይሰበስበው የነበረውን ገንዘብ አስቀረ (በ1485 ሄንሪ ሲመጣበት ግን እሱም ብድር ብሎ ወደዛው ተመልሷል)። የውጭ ነጋዴዎችን የሚገድብ ሕግ ሲወጣ መጽሐፍ የሚያስገቡ፣ የሚሸጡና የሚያትሙ ሰዎች ከገደቡ ውጪ እንዲሆኑ ተደረገ፣ ማተሚያ ገና ወደ እንግሊዝ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ። የድሆችን አቤቱታ የሚቀበል ጸሐፊም ደሞዝ ቆርጦ ሾሟል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የዋስትና ሕግ ያወጣው ሰው ሄስቲንግስን በያዘበት ቀን ያለ ችሎት ያስገደለው ሰው ነው፣ በመካከላቸው ያለው ሰባት ወር ብቻ ነው። ሕጉን ሕዝብ ለመሸንገል ነው ያወጣው የሚሉ አሉ፣ እኔ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ገና ንጉሥ ሳይሆን ሰሜን ውስጥ ሲያስተዳድር ለድሀ ፈርዶ የራሱን አገልጋዮች እስከመክሰስ ይደርስ ነበር። ሁለቱም ሰው እሱ ነው። መምህራኖችህ አንዱን ብቻ እንድትመርጥ ቢጠይቁህ አትምረጥ።

ጥያቄ፦ "ፈረስ! ፈረስ!" እያለ ሊሸሽ ሲል ነው የሞተው አይደል?

አይደለም፣ "ፈረስ! ፈረስ!" የሚለው ከሼክስፒር ቲያትር ነው። ፈረስ አምጥተውለት ሽሽ ሲሉት እምቢ ማለቱን የቱዶሮቹ ሰው ፖሊዶር ቨርጂል ራሱ ነው የጻፈው። ሄንሪን በዓይኑ ሲያየው ፈረሱን ኮልኩሎ ቀጥታ ወደሱ ነው የጋለበው፣ የሄንሪን ባንዲራ ያዥ ዊሊያም ብራንደንን ጣለው፣ ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው ዳር ቆሞ ይጠብቅ የነበረው የባላባቱ የዊሊያም ስታንሊ ጦር ዞሮ ከጎን ገባበት። አጥንቱ ላይ 11 ቁስል ተቆጥሯል፣ 9ኙ ጭንቅላቱ ላይ፣ የራስ ቁሩ ወልቆ ወይም ተነጥቆ እንደነበር ያሳያል። 32 ዓመቱ ነበር። ከሱ በኋላ ጦር ሜዳ ላይ የሞተ የእንግሊዝ ንጉሥ የለም።

ጥያቄ፦ ዌስትሚንስተር አቢ ስሠራ የሁለቱ ልዑላን አጥንት ያለበትን የእብነ በረድ ዕቃ ሁሌ አየዋለሁ። የአጎታቸው በዲኤንኤ ከታወቀ የነሱን ለምን አይመረምሩትም? ቢመረመርስ ምን ይለወጣል? ከለንደን

እነዛ አጥንቶች በ1674 ታወር ውስጥ ደረጃ ሲያፈርሱ በነበሩ ሠራተኞች ነው የተገኙት፣ ቻርልስ 2ኛ ልዑላኑ ናቸው ብሎ እዛ አስቀመጣቸው። በ1933 ተከፍቶ ታይቷል፣ የሁለት ልጆች አጥንት ነው፣ ዕድሜያቸውም ከነሱ ጋር ይቀራረባል አሉ፣ ግን ያኔ ዲኤንኤ የለም፣ ወንድ ይሁኑ ሴት፣ የየትኛው ዘመን ይሁኑ እንኳን ማወቅ አልተቻለም። ከዛ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፣ አቢው በቀጥታ በዘውዱ ስር ስለሆነ ያለ ቤተ መንግሥቱ ፈቃድ አይሆንም፣ እስካሁንም አልተፈቀደም። እኛ ይሄን መልስ እናውቀዋለን፣ የልዑል ዓለማየሁ አጽም ከዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ሀገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ በ2023 የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳንረብሽ አይቻልም ነው የተባለው። ያንን ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ማሠራት የጀመረው የነዚህ ልጆች አባት ኤድዋርድ 4ኛ ነው፣ የተቀበረውም እዛው ነው።

ሙታንን ማክበር ይገባኛል። ግን ሌስተር ላይ የሆነውን አይተናል፣ አጥንቱ ተመረመረ፣ ከዛ ማርች 26 ቀን 2015 ካቴድራል ውስጥ በክብር ተቀበረ፣ ክብሩ የተመለሰለት ስለተመረመረ ነው። የነዚህ ልጆች ቢመረመር ምን ይለወጣል ላልሽኝ፣ ካልተመሳሰለ እዛ ዕቃ ውስጥ ያሉት ማንነታቸው የማይታወቅ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ስለዚህ ልዑላኑ የት ደረሱ የሚለው ፋይል ከነ ፐርኪን ዋርቤክ እንደገና ይከፈታል፣ እኔም ከላይ በ1483 የሞቱ ይመስለኛል ያልኩትን መልሼ ማየት ይኖርብኛል። ከተመሳሰለ ደግሞ በዛ ዕድሜያቸው ታወር ውስጥ መሞታቸው ይረጋገጣል፣ አምልጠዋል የሚለው ያበቃል፣ ማን እንዳዘዘ ግን አጥንት አይናገርም። ለዚያ የጠፋ ደብዳቤ ወይም እንደ 1516ቱ ያለ ኑዛዜ ነው የሚያስፈልገው፣ እነሱ ደግሞ አሁንም ከየመዛግብቱ እየወጡ ነው።